ዶንጋ

ዶንጋ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በኦሞ ወንዝ አካባቢ የሚኖሩት ሱሪዎችና ሙርሲዎች በረዥም ዱላ የሚጋጠሙበት ባህላዊ ፍልሚያ ነው። ተፋላሚዎቹ በአብዛኛው ያላገቡ ወጣቶች ሲሆኑ፣ ግጥሚያው የሚበዛው እህል ተሰብስቦ ሆድ ሲጠግብ ነው።

ዱላው ተልጦ የተስተካከለ ጠንካራ እንጨት ሲሆን ርዝመቱ 2 ሜትር ገደማ ይሆናል። ተጋጣሚው ታችኛውን ጫፍ በሁለት እጁ ጨብጦ ይሰነዝራል፤ የሚመክተውም በዚያው ዱላ ነው፤ ጋሻ የለም። የሱሪ ወጣት ብዙውን ጊዜ ገላውን በአፈር ቀለም ተቀብቶ ራቁቱን ይገባል። ሙርሲው ግን ራሱን፣ እጁንና ቅልጥሙን በጨርቅ፣ በቆዳና በተጎነጎነ መከላከያ ሸፍኖ ይቀርባል። የተጣጣሙ ተፋላሚዎች ካልሆኑ በቀር ነገሩ በአፍታ ያልቃል፤ ጣት ላይ ያረፈች አንዲት ምት ትበቃለች።

የጎብኚ ካሜራ ደሙን እንጂ ዳኛውን እምብዛም አያሳይም። ዳኛው ግን ዋና ሰው ነው፤ ዱላ ይዞ መሃል ገብቶ ይገላግላል። የወደቀን መምታት ክልክል ነው፤ ሰው ከሞተ ደግሞ የገዳዩ ወገን ካሳ ይከፍላል። አሸናፊው በእኩዮቹ ትከሻ ላይ ይወጣል። በሙርሲ ዘንድ የእናቱ ጎሳ ልጃገረዶች የፍየል ቆዳ አንጥፈው ያስቀምጡታል፤ በዱላ ላይ ጨርቅ ዘርግተውም ጥላ ይሆኑታል።