ዝርዝር መጻፍ ለምን እወዳለሁ?

እኔ ዝርዝር መጻፍ በጣም የምወድ ሰው ነኝ። ለሰንበት የሚገዛው፣ ለፋሲካ የሚጸዳው፣ ስልክ የሚደወልላቸው ዘመዶች፣ ለለቅሶ የሚኬድባቸው ቤቶች፣ ሁሉም ወረቀት ላይ ይሰፍራል። ልጆቼ ይስቁብኛል። እኔ ግን ይህ አመል ከሕዝባችን ታሪክ የመጣ ይመስለኛል። ዛሬ ስለዚሁ ጥቂት ልበላችሁ።

ኦሪትን የከፈተ ሰው እስራኤል የዝርዝር ሕዝብ መሆኑን ያያል። እገሌ እገሌን ወለደ እያለ ትውልድ ይቆጥራል። በኦሪት ዘኍልቍ በሲና ምድረ በዳ 20 ዓመት የሞላቸው ለጦር የሚወጡ ወንዶች ተቆጥረው 603,550 ሆኑ። ትእዛዙ ግን በየወገናቸው፣ በየአባቶቻቸው ቤትና በየስማቸው እንዲቆጠሩ ነበር። በዚያው መጽሐፍ በምዕራፍ 33 ከግብጽ እስከ ሞዓብ ሜዳ የሰፈሩባቸው ቦታዎች አንድ በአንድ ተጽፈዋል። ሊቃውንት 42 ጉዞ ይሏቸዋል። በሌላ በኩል ደግሞ ንጉሥ ዳዊት የሕዝቡን ብዛት ለማወቅ ብሎ ባስቆጠረ ጊዜ መቅሰፍት ወርዶ 70,000 ሰው አለቀ። እኔ ከዚህ የምረዳው፣ ሰውን በብዛቱ መቁጠር አንድ ነገር ነው፣ በስሙ መጥራት ደግሞ ሌላ ነገር ነው።

የስግድ በዓላችንን እንውሰድ። በሄሽቫን 29 ቀን ቄሶቻችን ከሚያነቡት ውስጥ የነህምያ መጽሐፍ አለበት። ሕዝቡ ጾሞ፣ ኃጢአቱን ተናዞ፣ ከአምላኩ ጋር ያለውን ኪዳን አደሰ። ከዚያ በኋላ ምን መጣ? ምዕራፍ 10 የስም ዝርዝር ነው! ከነህምያ ጀምሮ ካህናቱ፣ ሌዋውያኑና የሕዝቡ አለቆች፣ በጠቅላላው 84 ስም። ብዙ ሰው ይህን ቦታ ሲያነብ ይዘለዋል። ነገር ግን ኪዳኑን ያተሙት እነዚህ ሰዎች ናቸው። ስማቸው ባይጻፍ ኖሮ ቃሉን ማን እንደገባ በምን እናውቅ ነበር?

አባቶቻችን በአገር ቤት ወረቀት አልነበራቸውም፣ ዝርዝር ግን ነበራቸው። ሰባት ቤት መቁጠር የምንለው እሱ ነው። ልጅ ከመዳሩ በፊት ሽማግሌዎች ተቀምጠው የሁለቱንም ወገን በአባትም በእናትም በኩል እስከ ሰባት ትውልድ ይቆጥራሉ። ዘመድ ከሆኑ ጋብቻው ይቀራል። ማንበብና መጻፍ የማያውቁ እናቶች እንኳን የሰባት ቤት ስም ሳይሳሳቱ ይጠሩ ነበር።

ከዚያ የሱዳን መንገድ መጣ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ከጎንደርና ከትግራይ ብዙ ሺህ ወገኖቻችን እየሩሳሌም እያሉ በእግራቸው ወጡ። በኡም ራኩባና በገዳሪፍ ባሉ ካምፖች አይሁድ መሆናቸው እንዳይታወቅ ተደብቀው ኖሩ። ኮሚቴ የሚባሉት የእኛው ልጆች ማን በየተራው እንደሚወጣ በስም እየያዙ ሰዉን በሌሊት ያወጡ ነበር። ያ ዝርዝር በማይሆን እጅ ቢገባ ምን እንደሚከተል አስቡት። በዚያ ዝርዝር የነበረ፣ ተራው ሳይደርስ የሞተም አለ። በረሃብ፣ በበሽታ፣ በሽፍታ እጅ በመንገድና በካምፕ ያለቁት ወደ 4,000 እንደሚደርሱ ይገመታል። ብዙዎቹ በድብቅ ተቀበሩ፣ መቃብራቸው ምልክት የለውም።

በ1991 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በግንቦት ወር በዘመቻ ሰለሞን ደግሞ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ወጣ። ቤተሰብ እንዳይለያይ ተብሎ ለሰው ቁጥር ተለጠፈበት፣ አንዳንዱ በልብሱ፣ አንዳንዱ በግንባሩ ላይ። ቁጥሩ ሥራውን ሠርቷል፣ ቤተሰብ ከቤተሰቡ ጋር ገብቷል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። በአውሮፕላን ማረፊያው ግን ሌላ ነገር ጠበቀን። ፎርሙ ሼም ሚሽፓሃ ይጠይቃል፣ እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የሚባል አናውቅም። ለአንዱ የአባቱ፣ ለሌላው የአያቱ ስም ተጻፈለት። በተለያየ ጊዜ የመጡ የአንድ እናት ልጆች በተለያየ ስም ቀሩ። ለብዙ ልጆችም የዕብራይስጥ ስም ወጣላቸው። የትውልድ ቀን ያልነበራቸው ብዙ ሰዎች ጥር 1 ቀን ተወለዱ ተባሉ። በዚህ ሁኔታ የሰባት ቤት ስም በቴውዳት ዜሁት ላይ ሁለት ስም ብቻ ሆነ።

ከ2007 ጀምሮ (እ.ኤ.አ.) በእየሩሳሌም በሀር ሄርጽል በሱዳን መንገድ ላለቁት መታሰቢያ ቆሟል። በየዓመቱ ኢያር 28፣ በየእየሩሳሌም ቀን፣ የመንግሥት ሥነ ሥርዓት ይደረጋል። ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም 4,000 ሲባል ልብ አይሰማም፣ ቁጥር ነው። እናት የምታለቅሰው ለቁጥር አይደለም፣ ለልጇ ነው። ከዘመቻ ሙሴ ወዲህ ከ40 ዓመት በላይ ሆኗል፣ ያን መንገድ በአዋቂነታቸው የሄዱት ሽማግሌዎቻችን በየሳምንቱ እየተለዩን ነው። አንድ ሽማግሌ ሲሞት አንድ ሙሉ ዝርዝር አብሮ ይቀበራል።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ በሚመጣው ሰንበት ወላጆቻችሁን ጠይቁ፣ ሰንበት ሲወጣም ደብተር ይዛችሁ ቁጭ በሉና እነዚህን ጻፉ፦

1. የሰባት ቤት ስም፣ በአባትም በእናትም በኩል።
2. የመንደራቸው ስም፣ ውኃ የሚቀዱበት ወንዝና የሚገበዩበት ገበያ።
3. በሱዳን የመጡ ከሆነ ያደሩበት ቦታ ሁሉ በየተራው፣ ልክ በኦሪት እንደተጻፈው።
4. በመንገድና በካምፕ የሞቱት፣ ሕፃናት ሳይቀሩ። ስም ያልወጣለት ሕፃን ካለ የእናቱ ስም ተጠርቶ የእሷ ልጅ ተብሎ ይጻፍ።
5. የአገር ቤት ስማቸውና እዚህ የወጣላቸው ስም፣ ጎን ለጎን።

በዕብራይስጥም ጻፉት፣ የልጅ ልጆቻችን አማርኛ ማንበብ ላይችሉ ይችላሉ። አንዱን ቅጂ ለቄሳችሁ ወይም ለታላቅ ዘመዳችሁ ስጡ። ሽማግሌው ማስታወስ ቢደክመው አትቸኩሉት፣ ቡና አፍሉለት፣ አንድ ስም ሌላውን እየጠራ ይመጣል።

እግዚአብሔር የሞቱትን ነፍስ ይማር፣ በሕይወት ላሉት ሽማግሌዎቻችን ዕድሜ ይስጥልን። ሻባት ሻሎም።