ዘሩ ነው ወይስ መሬቱ? ደም ያነሳቸው አይጦችና የመቅኔ ንቅለ ተከላ ታሪክ



ከደጋው ወርደው በአብርሃ ጅራና በመተማ የሰሊጥ እርሻዎች የሚሠሩ የቀን ሠራተኞች ካላዛር ሲይዛቸው ጣፊያቸው ያብጣል፤ ደማቸውም ይመነምናል። ተውሳኩ የሚራባው በጣፊያና በአጥንት መቅኔ ውስጥ በመሆኑ ሐኪሙም ከዚያው በመርፌ ናሙና ወስዶ ይፈልገዋል። ደም የሚመረተው በመቅኔ ነው። ምርቱ ሲጓደል ጉድለቱ ከደም አምራቹ ሕዋስ ነው ወይስ ሕዋሱ ካረፈበት ስፍራ? ይህን ጥያቄ ጥርት አድርገው የመለሱት ሲወለዱ ጀምሮ ደም ያነሳቸው አይጦች ናቸው።

በአሜሪካ ሜይን ግዛት፣ በባር ሃርበር የሚገኘው ጃክሰን ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. በ1947 በሰደድ እሳት ሲወድም አብዛኞቹ አይጦቹ አለቁ። ዝርያዎቹን ከየቤተ ሙከራው መልሶ የማሰባሰቡን ሥራ የመሩት ኤልዛቤት ራስል ነበሩ። ይህ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ፣ በእኔ ግምት፣ ከግኝቱ እኩል ሊወሳ ይገባዋል። በ1956 ራስልና ባልደረቦቻቸው «ደብልዩ» በተባለው የዘረመል ለውጥ ደም ላነሳቸው አይጦች ከጤነኞች የተወሰዱ ደም አምራች ሕዋሳትን ሰጡ፤ የአይጦቹም ደም ተቃና። እነዚህ አይጦች ንቅለ ተከላውን አስቀድሞ በጨረር መመታት ሳያስፈልጋቸው እንደሚቀበሉም ኋላ ታወቀ።

«ስቲል» የተባለ ሌላ የዘረመል ለውጥ ያለባቸው አይጦችም ነበሩ። ሁለቱም ወገኖች ነጭ ፀጉርና ጥቁር ዓይን ያላቸው፣ መካንና ደመ ቢስ ናቸው፤ በመልክ መለየት ያስቸግራል። ሰሊጡ ያልበቀለለት ገበሬ ዘሩን በሌላ ማሳ፣ ሌላ ዘርም በራሱ ማሳ ዘርቶ ጥፋቱን እንደሚለይ ሁሉ፣ በቶሮንቶ ማኩሎክና ቲል ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1964 እና በ1965 ባሳተሟቸው ጥናቶች ሕዋሳቱን ከአንዱ አይጥ ወደ ሌላው አዛወሩ። የ«ደብልዩ» ሕዋሳት በጤነኛ አይጥ ጣፊያ ላይ እንኳ እንደ ወጉ አልበቀሉም። የ«ስቲል» ሕዋሳት ግን በጤነኛው አካል ለመለሙ፤ በአንጻሩ ጤነኛ ሕዋስ በ«ስቲል» አካል ውስጥ መከነ። እንግዲህ የፊተኛው ጉድለት የዘሩ፣ የኋለኛው የመሬቱ ነበር። ንቅለ ተከላው እዚህ ላይ ከመድኃኒትነት ይልቅ የመመርመሪያ መሣሪያ ሆኖ አገልግሏል።

ምክንያቱ እስኪታወቅ ከሃያ ዓመት በላይ ፈጀ። በ1988 የ«ደብልዩ» ዘረመል በሕዋሱ ገጽ ላይ መልእክት ተቀባይ የሆነ ፕሮቲን እንደሚሠራ ተረጋገጠ፤ በ1990 ደግሞ «ስቲል» መልእክቱን ራሱን እንደሚያዘጋጅ ታወቀ።

የአብርሃ ጅራው ሕመምተኛ የወረሰው ጉድለት የለበትም፤ ንቅለ ተከላም አያስፈልገውም። ተውሳኩ በሕክምና ሲጠፋለት ጣፊያው ይጎድላል፣ ደሙም ቀስ በቀስ ይመለሳል።