የፒተርና የጥንቸሉ ታሪክ፤ የሕፃናት ፍርሃት ሕክምና አጀማመር

የሕፃን ልጅ ፍርሃት ለብዙ ዘመን የባለሙያ ጉዳይ ተብሎ አልተቆጠረም። ወላጅ ይቆጣል፤ ሞግዚት ታባብላለች፤ ጎረቤትም «ሲያድግ ይተወዋል» ይላል፤ ሕፃኑ ግን ከነፍርሃቱ ያድራል። ይህ ፍርሃት በምን መንገድ ሊወገድ እንደሚችል በዘዴ መርምረው በ1924 በጽሑፍ ካቀረቡት ቀዳሚዎች አንዷ አሜሪካዊቷ የሥነ ልቡና ባለሙያ ሜሪ ከቨር ጆንስ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወይዘሮ ጆንስ በፔንሲልቬንያ ተወልደው በ1919 ከቫሳር ኮሌጅ ተመረቁ። ወደዚህ ሥራ የሳባቸው ጆን ዋትሰን በኒው ዮርክ የሰጡት ንግግር ነበር። ዋትሰንና የጆንስ የኮሌጅ ጓደኛ የነበሩት ሮዛሊ ሬይነር በ1920 ባወጡት ጥናት፣ አልበርት የተባለ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ነጭ አይጥ ሊነካ እጁን በዘረጋ ቁጥር ከበስተኋላው ብረት በመዶሻ እየመቱ፣ ቀድሞ ያልነበረበትን ፍርሃት አሳድረውበት ነበር። ፍርሃቱም ሳይወገድለት ሕፃኑ ከሆስፒታሉ ወጣ። እንግዲህ ፍርሃት በልምድ የሚገኝ ከሆነ፣ በልምድስ ሊለቅ አይችልምን? የጆንስ ጥያቄ ይህ ነበር።

መልሱን ለማግኘት በአንድ የሕፃናት ማሳደጊያ ይኖሩ የነበሩ፣ ዕድሜያቸው ከ3 ወር እስከ 7 ዓመት የሚደርስ 70 ልጆችን ተመለከቱ። ሰባት ዘዴዎችንም መረመሩ። የሚያስፈራውን ነገር ለጊዜው ማራቅ፣ በቃል ማስረዳት፣ ደጋግሞ ማሳየት፣ በጓደኞች መሳለቂያ ማድረግ፣ ሐሳብን ወደ ሌላ ማዞር፤ እነዚህ ሁሉ ወይ ከንቱ ሆኑ፣ ወይም ውጤታቸው አስተማማኝ አልሆነም። አመርቂ ሆነው የተገኙት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ይኸውም ሕፃኑ የማይፈሩ ልጆችን አይቶ እንዲከተል ማድረግና የሚፈራውን ነገር ከሚወደው ነገር ጋር ማጣመር።

የዚህ ዋና ምስክር ፒተር ነው። ጥናቱ ሲጀመር ፒተር 2 ዓመት ከ10 ወር ነበር፤ ጥንቸል፣ የፀጉር ካፖርት፣ ላባና ጥጥ ሳይቀር ያስፈሩት ነበር። በመጀመሪያ ጥንቸሉ ባለበት ከማይፈሩ ሦስት ልጆች ጋር እንዲጫወት ተደረገና ተሻለው። ከዚያ በኋላ ግን ስካርሌት ፊቨር ይዞት ሁለት ወር ያህል ሆስፒታል ተኛ፤ ከዚያ ሲወጣም አንድ ትልቅ ውሻ ዘሎበት ስለ ነበር የቀድሞው ፍርሃት ተመለሰበት። ጆንስ ይህን ውድቀት አልሸሸጉም፤ መዝግበው ሌላ መንገድ ያዙ።

ፒተር በወንበሩ ላይ ተቀምጦ የሚወደውን ምግብ ሲበላ፣ በሽቦ ጎጆ ያለው ጥንቸል መብላቱን እስከማያቋርጥበት ርቀት ድረስ ብቻ ይቀርባል፤ በማግሥቱ ጥቂት ይጠጋል። ለውጡም በ17 ደረጃዎች ተመዘገበ። ከክፍሉ ማዶ የጥንቸሉን መኖር መታገሥ ያቃተው ሕፃን፣ በመጨረሻ ጥንቸሉ ጣቶቹን ሲቀማምስ ዝም ብሎ የሚመለከት ሆነ። ጥጡ፣ ላባውና ካፖርቱም ማስፈራታቸው ቀረ። ሆኖም ጆንስ አንድ ማስጠንቀቂያ አክለዋል፤ ባለሙያው ከቸኮለ ምግቡ ፍርሃትን በማስወገድ ፈንታ ፍርሃቱ ወደ ምግቡ ሊተላለፍ ይችላል። ስለዚህ የእርምጃውን ልክ የሚወስነው የባለሙያው ጥድፊያ ሳይሆን የሕፃኑ ትዕግሥት ነው።

ጽሑፉ ፒተር የሚመለስበትንም ቤት አልዘነጋም። ቤቱ ድኻ ነበር፤ እናቱም ልጁን ከደጅ ለማስገባት «ሌባ ሊወስድህ ነው» በማለት ዓይነት ታስፈራራው ነበር። በቤተ ሙከራ የተገኘ ድፍረት በቤት ምን ያህል እንደሚሰነብት ማሰብ የተገባ ነበር።

ይህ ሥራ በወጣበት ጊዜ ብዙ ትኩረት አላገኘም። ጆንስ በ1926 የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ያገኙት በሌላ ጥናት ሲሆን፣ በ1927 ወደ ካሊፎርንያ ተሻግረው በበርክሊ የልጆችንና የወጣቶችን ዕድገት ለብዙ ዓመታት ተከታተሉ። ሙሉ ፕሮፌሰር የሆኑት በ1959፣ ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት ሲቀራቸው ነው። ጆሴፍ ዎልፒ በ1958 ፍርሃትን ደረጃ በደረጃ ስለማስወገድ የጻፉት መጽሐፍ ከወጣ በኋላ የፒተር ታሪክ እንደገና ታወሰ፤ ዎልፒም ጆንስን የባሕርይ ሕክምና እናት ብለው ሰየሟቸው።

ጆንስ ግን በምስጋናው አልረኩም። በ1974 ባሰሙት ንግግር፣ የ3 ዓመት ሕፃንን ፍርሃት ከሕፃኑ ሙሉ ሰውነት ነጥሎ ማከም ከእንግዲህ እንደማያረካቸው ገለጡ። በ1987 እስከ ዐረፉ ድረስ ያለፉት መንገድ ለሙያው ሁለት ነገር ትቷል፤ አንደኛው በሕፃኑ እርምጃ መሄድ ነው፤ ሁለተኛው ፍርሃቱ ከለቀቀ በኋላም ሕፃኑ ወደ ማን ቤት እንደሚመለስ መጠየቅ ነው።