ክሪስቶፈር የሚናገረው በማን አፍ ነው?

መጽሐፉን የጀመርነው ውሻውን ማን እንደገደለው ለማወቅ ነበር። ማርክ ሃደን በ2003 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው በዚህ ልብ ወለድ ተራኪው የእንግሊዟ ስዊንደን ከተማ ልጅ፣ የ15 ዓመቱ ክሪስቶፈር ነው። ምዕራፎቹን 2፣ 3፣ 5፣ 7 እያለ ይቆጥራል፤ ከ1ና ከራሳቸው በቀር ለሌላ በማይካፈሉ ቁጥሮች መሆኑ ነው። ምሳሌያዊ አነጋገር ለእሱ ውሸት ነው። በሰምና ወርቅ ላደግን ለእኛ ይሄ ጉድ ነው! ሳቅን። መጽሐፉ እንደማያስቅ ግን ልጁ ገና ሲጀምር ነግሮን ነበርና አፈርን።

ግን ይሄ ድምፅ የማን ነው? በ1943 ሊዮ ካነር አሜሪካ ውስጥ ስለ 11 ሕፃናት ሲጽፍ የተናገረው ሐኪሙ ነበር። በ1986 ቴምፕል ግራንዲን የራሷን ሕይወት በመጽሐፍ ተረከች። ሃደን ግን ኦቲዝም የለበትም፤ ብዙም እንዳላጠና ራሱ ተናግሯል። ኦቲዝም ካለባቸው አንባቢዎች ገሚሱ ራሱን አገኘበት፣ ገሚሱ «እኛ እንዲህ አይደለንም» አለ።

በ2020 ደግሞ ራሷ ኦቲዝም ያለባት ኤል ማክኒኮል አዲ የምትባል የ11 ዓመት ስኮትላንዳዊት አመጣችልን። አዲ በመንደሯ «ጠንቋይ» ተብለው ለተገደሉ ሴቶች መታሰቢያ እንዲቆም ትሟገታለች። ሰው አይገባቸውም ለሚል ሁሉ መልስ ናት፤ አዲን የሚያስቸግራት የሰው ስሜት አለመሰማቱ ሳይሆን መብዛቱ ነው።

ከመካከላችን አንዱ ግን አሁንም ክሪስቶፈር ይበልጥብኛል ባይ ነው። ልጁ ለንደን ባቡር ጣቢያ ገብቶ የማስታወቂያው ብዛትና ጫጫታው ሲያዞረው፣ «መርካቶ እኔንም እንዲህ ነው የሚያደርገኝ» ይላል።