የከበባ መሣሪያና መንገዱ

በጥንት ዘመን ቅጥር ያለው ሕዝብ ቍጥሩ ጥቂት ቢሆንም እንኳ ብዙ ሠራዊት አስከትሎ የመጣውን ጠላት ለወራት ከደጅ አቁሞ ለማዋል ይችል ነበር። ስለዚህ የጦር አለቆች ከሰው ጋር የሚዋጋውን መሣሪያና ከግንብ ጋር የሚዋጋውን መሣሪያ ለያይተው ማሠራት ጀመሩ። ጫፉ በብረት የተለበጠው የበር መደብደቢያ ግንድ፥ የድንጋይ መወርወሪያው፥ በመንኰራኵር የሚገፋው የእንጨት ማማ፥ በመጨረሻም ከባዱ መድፍ የተገኙት ለዚሁ ጉዳይ ነው።

እነዚህ መሣሪያዎች ሁሉ አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው፤ ይኸውም በግንብ ላይ ብርቱዎች ሲሆኑ በሰው ፊት ደካሞች መሆናቸው ነው። ጕዟቸው አዝጋሚ ነው፤ ካልቆሙና ካልተደላደሉም ሥራቸውን አይሠሩም። ይህን ጠባይ የዛሬ ወጣቶች በኮምፒዩተር ሲጫወቱ ያገኙታል። «ሲቪላይዜሽን» በሚባለውና ተጫዋቾች ተራ በተራ ጦራቸውን በሚያንቀሳቅሱበት ጨዋታ፥ የድንጋይ መወርወሪያውን ከእግረኛው አስቀድሞ ወደ ከተማው የሚያስጠጋ ሰው፥ መሣሪያው አንዲት ድንጋይ እንኳ ሳይወረውር ይጠፋበታል። ወጣቶቹ ይህን ነገር ጨዋታውን የሠራው ሰው የደነገገው ሕግ አድርገው ይቈጥሩት ይሆናል። እኛ ግን ሕጉን ያወጣው ታሪክ ነው እንላለን። ሆኖም ታሪክ ጸሐፊዎች ራሳቸው ስለ አንድ ከበባ ሲተርኩ የመድፉን ትልቅነት በብዙ ቃል አድንቀው፥ መድፉን ያደረሱትንና የጠበቁትን ሰዎች በአንድ መስመር የሚያልፉ ስለ ሆነ፥ ነገሩን ጥቂት ዘርዘር አድርጎ መመልከት የሚጠቅም ይመስለናል።

ለዚህ ከሁሉ ይልቅ የተገለጠ ምስክር የሚሆነን በ1453 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የተደረገው የቍስጥንጥንያ ከበባ ነው። ከተማዪቱን በምድር በኩል የሚጠብቃት በአምስተኛው መቶ ዓመት የተሠራው የቴዎዶስዮስ ቅጥር ነበር። ርዝመቱ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፥ በፊቱ ሰፊ ቦይ፥ ከቦዩ ወዲያ የውጭ ቅጥር፥ ከዚያም በስተጀርባ ቁመቱ 12 ሜትር ያህል የሚሆን የውስጥ ቅጥር ነበረው። አንድ ሺህ ዓመት ሙሉ ብዙ ነገሥታትና ብዙ ሠራዊት ወደዚህ ቅጥር መጥተው ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል።

ኡርባን የሚባል መድፍ በማፍሰስ ሥራ የታወቀ የሀንጋሪ ሰው አስቀድሞ ሙያውን ያቀረበው ለከተማዪቱ ንጉሠ ነገሥት ለቆስጠንጢኖስ 11ኛ ነበር። ነገር ግን ግምጃ ቤቱ ባዶ ስለ ነበረ ንጉሠ ነገሥቱ የሚበቃ ደመወዝ ሊከፍለው አልቻለም፤ ባለሙያውም ተነሥቶ ወደ ኦቶማኑ ሡልጣን ወደ መሐመድ 2ኛ ሄደ። ሡልጣኑ ከጠየቀው አብልጦ ሰጠው። (የባለሙያን ደመወዝ በወጪ መዝገብ ላይ ብቻ ለሚመለከቱ ሰዎች ይህች ታሪክ ብትነበብላቸው መልካም ነበር።) ኡርባንም በአድርያኖፕል ከተማ ርዝመቱ 8 ሜትር ያህል የሆነ፥ 500 ኪሎ ያህል የሚመዝን የድንጋይ አሎሎ የሚተኵስ የነሐስ መድፍ ሠራ።

መድፉ ተሠራ፤ ከባዱ ሥራ ግን ገና መጀመሩ ነበር። ከአድርያኖፕል እስከ ቍስጥንጥንያ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ዱካስ የተባለው የግሪክ ታሪክ ጸሐፊ እንደሚተርከው፥ መድፉን 60 በሬዎች ይስቡት ነበር፤ ወዲያና ወዲህ እንዳያጋድልም በግራና በቀኝ ሁለት ሁለት መቶ ሰዎች ይደግፉት ነበር። ከፊታቸው ደግሞ 50 አናጢዎችና 200 የጕልበት ሠራተኞች ቀድመው ድልድይ እየሠሩ፥ ጐርበጥባጣውን እየደለደሉ ይሄዱ ነበር። ጕዞው ሁለት ወር ያህል ፈጀ። እንግዲህ ቍስጥንጥንያን ካስገበሩት ሰዎች መካከል ስማቸው ያልተጻፈላቸውን እነዚህን አናጢዎች ብንቈጥር ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

ከበባው በኤፕሪል 6 ቀን ተጀመረ። ሡልጣኑ መድፎቹን በቅጥሩ ርዝመት ሁሉ እኩል አላከፋፈለም፤ ይልቁንም ሊቆስ የተባለው ወንዝ በሚያልፍበት፥ መሬቱ ዝቅ ባለበትና ቅጥሩ ከሌላው ስፍራ ይልቅ በደከመበት በኩል ኀይሉን አበዛ። ትልቁ መድፍ በቀን ከሰባት ጊዜ በላይ አይተኵስም ነበር። መጀመሪያ ተኳሾቹ አንዱን ስፍራ ደጋግመው ይመቱ ነበር። ዱካስ እንደሚለው፥ ከሀንጋሪ የመጣ አንድ መልእክተኛ ይህን ተመልክቶ ሣቀና፥ ሁለት ጥይት በግራና በቀኝ አራርቃችሁ ምቱ፥ ሦስተኛውን ከበላያቸው በመካከል አድርጉት፥ ያን ጊዜ ግንቡ ራሱን ይዞ ይወርዳል ሲል አስተማራቸው። እንደ ነገራቸው ቢያደርጉ ግንቡ ተናደ።

ነገር ግን የግንቡ መናድ ብቻውን ከተማዪቱን አላስያዘም። በቅጥሩ ላይ ከነበሩት መካከል ከጄኖቫ የመጣው ጆቫኒ ጁስቲኒያኒ ከ700 ሰዎቹ ጋር ይዋጋ ነበርና፥ ቀን የፈረሰውን ሌሊት ይጠግኑ ነበር። አፈር የተሞላ በርሜል፥ ግንድና ጭራሮ በፍርስራሹ ላይ ይከምሩ ነበር፤ አሎሎውም በደረቅ ግንብ ላይ የሚያደርገውን ያህል ጕዳት በአፈሩ ላይ አያደርስም ነበር። በኤፕሪል 18 ቀን ሌሊት በፍራሹ በኩል ለመግባት የተላከው ጦር ተመለሰ። በሜይ 18 ቀን ወደ ቦዩ የተጠጋውን ትልቅ የእንጨት ማማ ተከላካዮቹ በዚያው ሌሊት በባሩድ አቃጠሉት። ከምድር በታች የተቈፈሩትንም መተላለፊያዎች በየተራ እያገኙ አፈረሱአቸው።

ነገሩ የተፈጸመው ሁሉም በአንድነት በተገናኙ ጊዜ ነው። ሡልጣኑ በኤፕሪል 22 ቀን መርከቦቹን በየብስ አስጐትቶ ወርቃማው ቀንድ ወደሚባለው ወደብ ስላስገባቸው፥ 7,000 ያህል የነበሩት ተከላካዮች በዚያም በኩል ሰው ለማቆም ተገደዱ፤ የምድሩም ቅጥር ሳሳ። በሜይ 29 ቀን ከመንጋቱ አስቀድሞ መጀመሪያ ሥርዐት ያልተማረው ጦር፥ ቀጥሎ የአናቶልያ ጦር፥ በመጨረሻ ጃኒሳሪ የተባሉት የተመረጡ ወታደሮች ዕረፍት ሳይሰጡ ተከታትለው ወደ ፍራሹ ገቡ። ጁስቲኒያኒ ቈስሎ ሲወጣ ሰዎቹ ተሸበሩ፤ ከተማዪቱም በ53ኛው ቀን ላይ ተያዘች።

የከተማዪቱ ተከላካዮችም መድፍ አልነበራቸውም ማለት አይደለም። ነበራቸው፤ ነገር ግን ትልልቆቹን ሲተኵሱ ነውጡ የገዛ ቅጥራቸውን ያናጋባቸው ነበር። ቅጥር ለማፍረስ የተሠራ መሣሪያ በተከበበ ሰው እጅ ሲገኝ እንዲህ ያለ ችግር ያመጣል፤ ይህም ነገር ከአራት መቶ ዓመት በኋላ በሀገራችን ስለ ደረሰ አልፈነው ልንሄድ አልወደድንም።

ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት የነበሩትን የአውሮፓ ባለሙያዎች አዝዘው ያሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ክብደቱ 7 ቶን ያህል ነው። ዐይነቱም አረሩን ወደ ላይ አሻቅቦ ወርውሮ ከቅጥር ጀርባ የሚጥል ነው፤ ስለዚህ የተፈጥሮ ስፍራው ከከባቢው ጦር ዘንድ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ግን በ1860 ዓ.ም. ጥቅምት ከደብረ ታቦር ተነሥተው እስከ መጋቢት ድረስ በብዙ መቶ ሰዎች እያስጐተቱ ወደ መቅደላ፥ ማለት ሊከበቡበት ወዳለው አምባ ወሰዱት። በገደሉና በሸለቆው ውስጥ መንገድ የሚጠርግ ሌላ የሠለጠነ ጦር ስላልነበራቸው፥ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በእጃቸው ድንጋይ እያነሡ ሠርተዋል። በዚያ ዘመን ከነበሩት የዓለም ነገሥታት መካከል እንዲህ ያደረገ ሌላ ንጉሥ እኛ አናውቅም።

ሚያዝያ 3 ቀን፥ በስቅለት ዕለት፥ በእሮጌ ሜዳ ላይ ጦርነት ሲሆን ከአምባው የተተኰሰው የመድፍ አረር ከእንግሊዞቹ ራስ በላይ እያለፈ ወደቀ፤ ከትልልቆቹ መድፎችም አንዱ ፈነዳ። እግረኛው ጦር ከመድፎቹ ርቆ ወደ ሜዳው ወርዶ ስለ ነበረ መድፎቹ አልረዱትም፥ እርሱም አልረዳቸውም፤ ብዙ መቶ ጀግኖች በዚያ ወደቁ። የእንግሊዝ ጦር አለቃ ናፒየር ቀላል የሆኑትን የተራራ መድፎች በበቅሎ፥ ከባዶቹን በዝሆን አስጭኖ ከዙላ ጠረፍ ድረስ አምጥቶ ነበር። መቅደላም ሚያዝያ 6 ቀን ተያዘች።

የናፒየር ጦር የጅጣን ሸለቆ ሊሻገር በደረሰ ጊዜ ገደሉን የሚያወርድና የሚያወጣ ሰፊ መንገድ ተዘጋጅቶ አገኘ። ይህም ዐፄ ቴዎድሮስ ለመድፎቻቸው ያስጠረጉት መንገድ ነበር። እንግሊዞቹ አሠራሩን በጽሑፋቸው አድንቀዋል፤ በዚያውም ተጕዘው ወደ መቅደላ ወጥተዋል። ሴባስቶፖል እስከ ዛሬ ድረስ በዚያው በመቅደላ አምባ ላይ ይገኛል።