ፈተናም ታሪክ አለው፦ ጂማት ከየት መጣ?



ወደ ጅቡቲ ከተማ ወርዶ ነፃ የንግድ ቀጠናውን ያየ ተማሪ ሲመለስ ወሬው ሌላ ነው። ቀጠናው እ.ኤ.አ. በጁላይ 2018 ሲከፈት የመጀመሪያው ክፍል 240 ሄክታር ነበር፤ ዕቅዱ ግን እስከ 4,800 ሄክታር ይደርሳል። ዕቃ ቀረጥ ሳይከፈልበት ይገባል፣ ይከማቻል፣ ወደ ሌላ አገር ይላካል። «ይህን የሚመሩት ሰዎች ምን ተምረው ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው ኤም.ቢ.ኤ. የሚል መልስ ይሰማል፤ ቀጥሎም «መግቢያው ጂማት ነው» ይባላል። ታዲያ ብዙዎች እዚህ ላይ ይደነግጣሉ። ታሪኩን ያወቀ ግን ያን ያህል አይደነግጥም።

ጂማት በቢዝነስ ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር የሚያመለክቱ ሰዎች በእንግሊዝኛ የሚወስዱት ፈተና ነው። የተወለደው አሜሪካ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 በወጣ ሕግ ከጦርነት የተመለሱ ወታደሮች በመንግሥት ወጪ መማር ጀመሩ፤ ዩኒቨርሲቲዎችም በተማሪ ተጥለቀለቁ። የአንዱ ኮሌጅ «ኤ» ከሌላው «ኤ» ጋር እኩል መሆኑ በምን ይታወቃል? በ1953 ሃርቫርድና ኮሎምቢያ የሚገኙባቸው ዘጠኝ የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች አንድ የጋራ ፈተና እንዲኖር ተነሱ። ኢ.ቲ.ኤስ. የተባለው የፈተና ድርጅት አዘጋጀውና በ1954 ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰጠ። ጂማት የሚለውን ስም ያገኘው በ1976 ነው። በ1997 ደግሞ ወደ ኮምፒዩተር ተዛወረ፤ በትክክል ስትመልሱ ቀጣዩ ጥያቄ ይከብዳል፣ ስትሳሳቱ ይቀላል።

በአገራችንም ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። ማትሪክን የማያውቅ የለም። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ትምህርት ሚኒስቴር ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ለሚፈልጉ አገር አቀፍ የመግቢያ ፈተና መስጠት ጀምሯል። ዓላማው ያው ነው፦ ከተለያየ ቦታ የመጡ ሰዎችን በአንድ ሚዛን ማየት።

ጂማት ስለ ሂሳብ መዝገብ አያያዝ ወይም ስለ ንግድ ሕግ አይጠይቅም። የሚመዝነው አስተሳሰብን ነው። ከታወቁት የጥያቄ ዓይነቶች አንዱን ልስጣችሁ። አንድ ነጋዴ በቀጠናው መጋዘን እኩል ክብደት ያላቸው የሩዝ ከረጢቶች አስቀምጧል። ስንት ናቸው? መረጃ አንድ፦ ሩዙ በጠቅላላ 20,000 ኪሎ ነው። መረጃ ሁለት፦ አንዱ ከረጢት 50 ኪሎ ነው። ተማሪ ሁሉ «400!» ብሎ ይጮሃል። ፈተናው ግን የሚጠይቀው «የትኛው መረጃ ለመልሱ ይበቃል?» ብሎ ነው። አንዱ ብቻውን አይበቃም፤ ሁለቱ አንድ ላይ ይበቃሉ። ይህንን ለመለማመድ ጠመኔና ሰሌዳ በቂ ነው።

አሁን ዋናው ነገር። ወደ ካምፕ በእርዳታ የሚመጡ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ ያረጁ ናቸው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 ጂማት በጣም ተቀይሯል። ድርሰት ቀርቷል፣ የዓረፍተ ነገር ማረም ቀርቷል፣ ከሂሳቡም ጂኦሜትሪ ወጥቷል። አሁን ያሉት ሦስት ክፍሎች ናቸው፦ ሂሳብ፣ ንባብና ምክንያታዊነት፣ እንዲሁም የመረጃ ትንተና። እያንዳንዳቸው 45 ደቂቃ ናቸው። ከላይ ያየነው ዓይነት ጥያቄም ወደ መረጃ ትንተናው ተዛውሯል። ውጤቱ ድሮ ከ200 እስከ 800 ነበር፤ ዛሬ ከ205 እስከ 805 ነው። ስለዚህ መጽሐፍ ስታነሱ መጀመሪያ የታተመበትን ዓመት እዩ፤ አለበለዚያ የቀረ ነገር ስታጠኑ ወራት ታባክናላችሁ።

ሚዛኑ አንድ ነው ማለት ግን መንገዱ እኩል ነው ማለት አይደለም። ክፍያው ከ250 ዶላር በላይ ነው። በፈተናው ቀንም መታወቂያ፣ በብዙ አገር ፓስፖርት፣ ይጠየቃል። ይህ ለስደተኛ ከሂሳቡ ይብሳል እኮ! ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ያላችሁ ሰነድ ተቀባይነት እንዳለው ጠይቁ። የምታመለክቱበትን ትምህርት ቤትም ጠይቁ፤ ጂ.አር.ኢ. የተባለውን ሌላ ፈተና የሚቀበሉ ብዙዎች ናቸው፣ ያለ ፈተና የሚያስገቡም አሉ።

መምህራን ሆይ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ በክፍላችሁ «መልሱ ስንት ነው?» ማለትን ትታችሁ «ለመልሱ ምን መረጃ ይበቃል?» ብላችሁ ጠይቁ። ጂማት የማይፈተን ተማሪም ይጠቀምበታል። በገበያም፣ በራሽን ወረፋም፣ በቢሮ ደጃፍም የሚያስፈልገን ይኸው ጥያቄ ነውና።