አንቀልባና የሕፃን አልጋ በምዕራብ ጎጃም

ሰው ወደዚህ ዓለም ሲመጣ ከእናቱ እቅፍ ቀጥሎ የሚያርፍበት ዕቃ የአንድን ኅብረተሰብ ኑሮ፣ ጥበብና እምነት አጣምሮ ያሳያል። ነገሥታት የተቀመጡባቸው ዙፋኖች በታሪክ መጻሕፍት ተደጋግመው ሲወሱ፣ ንጉሡም ሆነ አራሹ በሕፃንነቱ የታዘለበት አንቀልባ ግን የታሪክ ጸሐፊን ዓይን የሳበው ከስንት አንዴ ነው። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ፣ ከማንኩሳ እስከ ሰከላ በተዘረጋው የምዕራብ ጎጃም ገጠር የልጅ አስተዳደግ ታሪክ የሚጀምረው ግን ከዚሁ ከቆዳ ከተሠራ ዕቃ ነው።

በዚህ አካባቢ ለሕፃን የተለየ አልጋ ማበጀት የቆየ ልማድ አልነበረም። ሕፃኑ ሌሊት ከእናቱ ጎን፣ በመደብ ወይም በጠፍር አልጋ ላይ፣ ከሥሩ ቁርበት ወይም አጎዛ ተነጥፎለት ያድራል። ቀን ደግሞ መኝታው የእናቱ ጀርባ ነው። እናቲቱ ውኃ ስትቀዳ፣ እንጨት ስትለቅም፣ አረም ስታርም፣ ገበያ ስትወርድ ልጁ አብሯት ይውላል፤ እሹሩሩ ተብሎ የሚተኛውም በእርምጃዋ ምት ነው። እንግዲህ አንድ ስፍራ ተተክሎ የሚቀር አልጋ ያልተሠራው ጥበብ ጠፍቶ ሳይሆን፣ የገበሬ እናት ኑሮ አንድ ስፍራ ተተክሎ የማይውል በመሆኑ ነው።

አንቀልባ የሚሠራው ከበግ፣ ከፍየል ወይም ከጥጃ ቆዳ ነው። ቆዳው ይዘፈዘፋል፤ ጠጉሩና ሥጋው ይፋቃል፤ በእምቧይ ፍሬ ይለፋል፤ ከዚያም በጉሎ ቅባት እየታሸ እንደ ጨርቅ እስኪተጣጠፍ ድረስ ይለሰልሳል። በመጨረሻም በልኩ ተቆርጦ ጠርዙ ይሰፋል፤ በእናቲቱ ትከሻና ወገብ ላይ የሚታሰሩት ጠፍሮችም ይበጁለታል። ገዢዋ እናት ወይም አያት ዕቃውን የምትመርጠው በእጇ ነው። ቆዳውን በመዳፏ ታሻሸዋለች፤ የጠፍሩን ስፌት ሳብ አድርጋ ትፈትናለች፤ አሽትታም በሚገባ መልፋቱን ታረጋግጣለች። የሕፃን ሕይወት በሁለት ጠፍር ላይ የሚንጠለጠል ነውና ይህ ምርመራ ቀላል ነገር አልነበረም።

የግዥው ጊዜም የራሱ ሥርዓት ነበረው። ሕፃናት በብዛት ይሞቱ በነበረበት ዘመን ላልተወለደ ልጅ ዕቃ ማሰናዳት በብዙ ቤት እንደ ሟርት ይታይ ነበር። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሡ ድረስ እናቲቱ አራስ ናት፤ ልጅ አዝላ ወደ ሥራ የምትወጣውም ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ የጤና ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ ከ1,000 ሕፃናት 59 ያህሉ 5 ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። ከዚያ ቀደም በነበሩት ትውልዶች ቁጥሩ የዚህ እጥፍ ድርብ እንደነበር ሲታሰብ፣ የጥንት እናቶች ጥንቃቄ ከሐዘን የተማሩት እንጂ ባዶ አጉል እምነት ብቻ እንዳልነበረ ይታያል። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ታሪኩን ከማንኩሳ፣ ልጅ ከናፈቃቸው ከቦጋለ መብራቱና ከውድነሽ በጣሙ ቤት መጀመሩ የዚህን ስሜት ጥልቀት ያስገነዝባል።

የአንቀልባው ጌጥ ደግሞ የሰፊውን ዓለም ንግድ ይመሰክራል። ባለጸጋ ቤት የሚያዘው አንቀልባ በጨሌና በዛጎል ያጌጠ ነበር። ዛጎል የሕንድ ውቅያኖስ ፍሬ ነው፤ ከባሕር ርቆ በሚገኘው የጎጃም ደጋ ላይ በሕፃን ጀርባ ሊያርፍ የቻለው በሲራራ ነጋዴዎች ድካም ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት የባሶ ገበያ በጎጃም እጅግ የታወቀ ሲሆን፣ ቡሬም ዓባይን ተሻግሮ ወደ ወለጋ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በአሞሌና በጠገራ ብር ይካሄድ የነበረው ንግድ ወርቁን፣ ቡናውንና የዝሆን ጥርሱን ወደ ባሕር ሲያወርድ፣ ጨሌውንና ዛጎሉን ወደ ደጋ ያወጣ ነበር። እናቶች ዛጎሉን የሰፉት ለውበት ብቻ ሳይሆን ልጁን ከክፉ ዓይን ይጠብቃል ብለው ነው።

የነገሩ መራራ ገጽታ የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው። ክፉ ዓይን አለው ተብሎ የሚፈራው ከሌሎች ባለእጆች ጋር ራሱ ቆዳ ፋቂው ነበርና! እናቲቱ የልጇን ፊት ከባለእጁ እይታ በነጠላዋ ትሸፍናለች፤ መላ አካሉን ግን በባለእጁ ሥራ ትጠቀልላለች። ፋቂው ከማኅበር ተገልሎ፣ ርስት ተነፍጎ፣ ከሠፈር ዳር እንዲኖር ሲደረግ፣ የእጁ ሥራ ግን በየቤቱ ምሰሶ ላይ ይሰቀል ነበር። ይህ ንቀት ከቆዳ ወይም ከመፋቅ የመጣ አልነበረም። ቅኔ በሚዘረፍባቸው በዋሸራና በጎንጅ አድባራት ያው የበግና የፍየል ቆዳ ተፍቆ ብራና ሲሆን ሠሪው ይከበር ነበር። አንዱ ቆዳ መጽሐፍ፣ ሌላው የሕፃን መኝታ ሆነ፤ ክብሩ የተከፈለው በሥራው ጥራት ሳይሆን በሠሪው ዘር ነው።

ይህን ልማድ ለመስበር ሙከራ ሳይደረግ አልቀረም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ባለእጅን በሥራው ስም መስደብን ከለከሉ። ሆኖም አዋጅ አንደበትን ቢገታ እንኳ መሬት የሌለውን ሰው ባለመሬት አላደረገውም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ግን በግሉ ለማረስ ፈቃደኛ የሆነ ሰው ሁሉ ያለ ፆታ ልዩነት መሬት እንዲያገኝ በመደንገጉ፣ በዘር ሐረግ ላይ የቆመውን የርስት ሥርዓት ከሥሩ ናደው። ከሕግ ይልቅ የዘገየው የሰው ልብ ነው።

አንቀልባው ራሱም በዘመን ብዛት ተወዳዳሪ አገኘ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሥራ ሲጀምር የፋብሪካ ጨርቅ ለጎጃም ገበያ ቀረበ፤ ልጅን በጨርቅ ማዘልም እየተለመደ ሄደ። ስሟ በግእዝ «የሰላም መንገድ» ማለት የሆነው ፍኖተ ሰላም፣ እንዲሁም ቡሬ፣ በመኪና መንገድ ላይ እያደጉ ሲሄዱ፣ ደመወዝተኛው ቤተሰብ ከእንጨት ሠሪ ዘንድ የሕፃን አልጋ ማሠራት ጀመረ። ለዚህም ከአገር በቀል ዛፎች ዋንዛ ተመራጭ ነው፤ ለመሥራት ይመቻል፣ መልኩም ያምራል።

አዲሱ ዕቃ የራሱን ጥንቃቄ ይጠይቃል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጣችው ደንብ የሕፃን አልጋ ዘንጎች ክፍተት ከ6 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ የወሰነችው፣ ሰፊ ክፍተት የሕፃኑን አካል አሾልኮ ጭንቅላቱን ስለሚይዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ጎኑ ወደ ታች የሚንሸራተት አልጋ እንዳይሸጥ ከለከለች። ፍራሹ ጠንከር ያለና ከአልጋው ልክ የገጠመ እንዲሆን፣ ሕፃኑም በጀርባው እንዲተኛ ሐኪሞች ይመክራሉ። በአንጻሩ አንቀልባ የሕፃኑን እግሮች በእናቱ ወገብ ዙሪያ ከፍቶ መያዙ ለዳሌው መገጣጠሚያ ጤናማ እድገት የሚስማማ መሆኑን ሳይንስ አረጋግጧል። የጀርባዋ ሙቀትና የልቧ ምት ግን በየትኛውም የእንጨት ሥራ አይተኩም።

ስለዚህ የዛሬው የፍኖተ ሰላም ወላጅ ምርጫ በአሮጌና በአዲስ መካከል ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። አልጋው የሌሊት፣ አንቀልባው የቀን ዕቃ ሆነው በአንድ ቤት ሊኖሩ ይችላሉ። ሊመለስ የማይችለው ግን ቆዳውን አልፍቶ፣ ጠፍሩን ሰፍቶ ለልጅ ልጆች ያስረከበው እጅ ከነሙያው ሲጠፋ ነው። ያጌጠ አንቀልባ ከቤተ መዘክር መስታወት ጀርባ ሲታይ ተመልካቹ ዛጎሉን ያደንቃል፤ የሠሪው ስም ግን አልተጻፈበትም። ትውልድን በጀርባ አሳድጎ ለወግ ያበቃው ይህ ዕቃ ክብሩን የሚያገኘው፣ ባለሙያው በስሙና በሙያው ሲከበር ነው።